«በ24 ሰዓት ነጭ ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን የአጋዘን ራስ ቅል ማጽጃ አትግዙ

የአጋዘን አደን ወቅት በመጣ ቁጥር በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለምንኖር አዳኞች የሚቀርቡ ማስታወቂያዎች ይበዛሉ፤ ከእነዚህ ስለ አንዱ፣ ገንዘቡን ያላወጣ እንዳያወጣ፣ ዕቃውን የገዛም ቅሉ ላይ ከማፍሰሱ በፊት እንዲያነበው በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ። የሚሸጠው የባለነጭ ጭራ አጋዘንን ራስ ቅል ከነቀንዱ ቤት ውስጥ አጽድቶ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ያስችላል የተባለ ጥቅል ሲሆን፣ ዋጋው 85 ዶላር ነው። አንድ ወዳጄ ከተጠቀመበት በኋላ የተረፈውን ዕቃና የተበላሸውን ራስ ቅል አምጥቶልኝ ሁሉንም አገላብጬ ተመልክቻለሁ።

በካርቶኑ ውስጥ ያለው ስም ያልተጻፈበት ነጭ ዱቄት በላስቲክ፣ ክዳኑ ሲከፈት የበረኪና ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ፣ እንዲሁም አንድ ቆርቆሮ የሚረጭ ነጭ ቀለም ብቻ ነው። የንጥረ ነገሩ ስምም ሆነ የአምራቹ አድራሻ፣ ስለ ዓይንና ስለ ሕፃናት የሚናገር ማስጠንቀቂያም አልተጻፈበትም፤ አደገኛ ኬሚካል ለቤት አገልግሎት የሚሸጥ ሁሉ እነዚህን በመለያው ላይ እንዲያሰፍር እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳልና፣ ይህ ብቻውን ዕቃውን ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው። መመሪያው ደግሞ ራስ ቅሉ ከዱቄቱና ከፈሳሹ ጋር «ሦስት ሰዓት በኃይል ይፍላ» ይላል፤ ያውም መስኮት ስለመክፈት እንኳ ሳያነሳ፣ በማእድ ቤት ምድጃ ላይ።

አጥንት ከማዕድኑ በተጨማሪ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን አለው፤ አጥንቱን አያይዞ የሚያጠነክረውም ይኸው ፕሮቲን ነው። በረኪና ኮላጅኑን ስለሚያፈርሰው ቅሉ በመጀመሪያው ቀን ነጭ ቢመስልም ውሎ አድሮ መፈርፈር ይጀምራል፤ ሻጩ የሚለጥፈው ፎቶግራፍ ሁሉ የመጀመሪያው ቀን መሆኑም ለዚህ ይመስለኛል። ወዳጄ ያመጣውን ቅል ግንባሩ ላይ በአውራ ጣቴ ሳሸው እንደ ጠመኔ ነጭ ብናኝ ጣቴ ላይ ቀረ። በአፍንጫው ውስጥ የሚገኙት እጅግ ስስ አጥንቶች ደቀዋል፣ ረጃጅሞቹ የአፍንጫ አጥንቶች ከመጋጠሚያቸው ተላቀዋል፣ ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶችም የወደቁ አሉ፤ ይህ ደግሞ በኃይል የማፍላት ውጤት ነው። ቀንዱን ከውኃው በላይ ማድረግ እንደሚገባ መመሪያው ስላልነገረው፣ የቀንዱ ሥር ቡናማ መልኩን አጥቶ ገርጥቷል። የሚረጨው ቀለም የተጨመረበት ምክንያት ከቅሉ በስተኋላ በግልጽ ይታያል፤ አጥንቱ ውስጥ የቀረው ስብ ቀለሙን አልፎ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል።

ሥራው በአግባቡ ሲሠራ ከ85 ዶላር በእጅጉ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ቆዳው ተገፎ፣ ዓይኑ፣ ምላሱና አንጎሉ ከወጣ በኋላ ቅሉ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በተጨመረበት ውኃ፣ ከቤት ውጭ፣ ሳይንተከተክ በለዘበ እሳት ይቀቀላል፤ በየመካከሉም እየወጣ የለሰለሰው ሥጋ ይነሳል። ሽታውን የሚታገሥ ጎረቤት ያለው ሰው ቅሉን ለብ ባለ ውኃ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ ሥጋውን ባክቴሪያ እንዲበላው ማድረግ ይችላል፤ ይህ መንገድ ስስ አጥንቶችን ይበልጥ ያተርፋል። ብዙ ሰው የሚዘልለው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ቅሉ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው በደፈረሰ ቁጥር እየተቀየረ ስቡ መውጣት አለበት፤ ይህም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በ24 ሰዓት አልቆ የሚሸጥ ቅል ይህን ደረጃ አላለፈም ማለት ነው። የማንጫው ሥራ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ በፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶው ቀስ ብሎ ይሠራል፣ በፀጉር ቤት ዕቃ መሸጫ «40 ቮልዩም» ተብሎ የሚሸጠው ክሬም 12 በመቶ ስለሆነ ጓንት አድርጎ፣ ቀንዱን በላስቲክ ጠቅልሎ በብሩሽ መቀባት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ዱቄቱ ማንኛውንም በሽታ ይገድላል» የሚለው የማስታወቂያው ዓረፍተ ነገር ነው። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባለውና አጋዘንን አመንምኖ የሚገድለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ የታየ ሲሆን፣ በ2009 ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክ ካውንቲ ተገኝቷል። መንስኤው ፕሪዮን የተባለ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ በማፍላት አይጠፋም፣ በረኪናም ቢሆን የቢላን ገጽ ለማጽዳት ይረዳል እንጂ በአንጎል ሥጋ ውስጥ ዘልቆ አይሠራም። እስካሁን በሰው ላይ መታየቱ ባይረጋገጥም፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች አንጎሉ ያልወጣ ራስ ይዞ ድንበር መሻገር የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሽታው በታየበት አካባቢ የታደነ አጋዘን ከሆነ ምርመራ ማስደረግን፣ አንጎሉንም በጓንት አውጥቶ በላስቲክ አሽጎ መጣልን የሚተካ ዱቄት የለም።

ሻጩ ክፍያ የሚቀበለው በዜል ብቻ ነው፤ በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ተቀባዩ እጅ ከገባ በኋላ ለማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ወዳጄ ገንዘቡ እንዲመለስለት ሲጠይቅ «በደንብ ሳታፈላው ቀርተህ ይሆናል» ተብሎ፣ ሁለተኛ ጥቅል በግማሽ ዋጋ እንዲገዛ ተጋብዟል። ተመሳሳይ ዕቃ ከሌላ ሻጭ በክሬዲት ካርድ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሂሳቡ በመጀመሪያ ከታየበት መግለጫ ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ አመልክቱ፤ በዜል የከፈላችሁም ለባንካችሁ፣ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለክፍለ ግዛታችሁ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል ማሳወቅ ትችላላችሁ። የተረፈውን ፈሳሽ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በምንም ዓይነት አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጠርሙሱንና ካርቶኑንም ሁሉንም ጎን ፎቶግራፍ ሳታነሱ አትጣሉ።