የማይታወቀውን ሰማይ ለሚፈሩ የተዘጋጀ መንፈሳዊ የድምፅ ትምህርት፦ ከስምንት ሳምንት በኋላ

ማንነታቸው ያልታወቁ በራሪ አካላት፣ በተለምዶ ዩፎ የምንላቸው፣ የሚያሳድሩት ጭንቀት ላልደረሰበት ሰው የሚያስቅ ነገር ነው፤ እኔም እስኪደርስብኝ ድረስ ከሳቂዎቹ ወገን ነበርሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2023 የቀድሞ የአሜሪካ የጦር መኮንኖች በአገራቸው ምክር ቤት ፊት ቀርበው ስላዩትና ስለሰሙት ነገር የሰጡትን የምስክርነት ቃል ስከታተል ካመሸሁ በኋላ ግን፣ ለወራት ያህል መብራት አጥፍቶ መተኛት አቃተኝ። የፈራሁት እንግዳ ፍጥረት መጥቶ ይወስደኛል ብዬ አልነበረም። «ከልጅነቴ ጀምሮ የጸለይሁበት እምነት ለዚህ ሁሉ ቦታ ባይኖረውስ?» የሚለው ጥያቄ ነበር እንቅልፍ የነሣኝ። የምገመግመው በዚያን ጊዜ የተመዘገብሁበትን፣ ስምንት ክፍሎች ያሉትን የድምፅ ትምህርትና ከእርሱ ጋር የሚሰጠውን የግል የምክር አገልግሎት ነው። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይለቀቃል፤ እያንዳንዱም ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ስለ ጸሎት አንዳች ሳይናገሩ የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ብቻ ይለያሉ፤ ይህም በመጀመሪያ ቅር ቢያሰኘኝም በኋላ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1969 ከመዘገባቸው 12,618 ጥቆማዎች ውስጥ 701ዱ ምንነታቸው ሳይታወቅ መቅረታቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የስለላ ተቋማት ሪፖርትም ከተመለከታቸው 144 ጥቆማዎች በእርግጠኝነት መለየት የቻለው አየሩ የወጣ አንድ ትልቅ ፊኛ ብቻ እንደነበር ተራኪው ሳይሸሽግ ይናገራል። ከዚያም ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ ክስተቶች ከሌላ ዓለም የመጡ ለመሆናቸው ማስረጃ እንዳላገኘና ዋናው ችግር ጥራት ያለው መረጃ አለመኖሩ እንደሆነ መግለጹን ያስከትላል። የሚፈራን ሰው «ምንም የለም፣ ተኛ» ማለት ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያዘጋጀው መሆኑ ያስታውቃል፤ እኔን ያረጋጋኝም የቁጥሩ ማነስ ሳይሆን የተደበቀብኝ ነገር አለመኖሩ ነበር። አንድ እርማት ግን አለኝ። ኬኔት አርኖልድ የተባለው አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1947 ዘጠኝ «ሳህኖች» አየሁ ብሏል የሚለው አነጋገር በጥንቃቄ መቅረብ ነበረበት፤ ሰውየው በኋላ እንዳስረዳው ሳህንን የጠቀሰው እንቅስቃሴያቸውን በውሃ ላይ ከሚነጥር ሳህን ጋር ለማመሳሰል ነበርና። ለአንድ ትውልድ ፍርሃት መልክ የሰጠው «በራሪ ሳህን» የሚለው ስም ከእንዲህ ያለ አለመግባባት መወለዱ ራሱን የቻለ ትምህርት ይወጣው ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ወደ ጭንቀቱ አሠራር ይገባል። በጨለማ ውስጥ አንድን ብቸኛ ብርሃን አተኩሮ የሚያይ ሰው፣ ብርሃኑ ፈጽሞ ሳይነቃነቅ የሚንቀሳቀስ እንደሚመስለው ተራኪው ካስረዳ በኋላ፣ ኮከቡን ከመስኮት ጠርዝ ጋር አስተያይቶ መመልከትን ይመክራል። ሞክሬዋለሁ፤ ለብዙ ሌሊት ሲከተለኝ የነበረው «ተንቀሳቃሽ» ብርሃን ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ሲታይ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚህ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ስለ ማጣራት ልማድ የተነገረው ነው። አዲስ ዜና ባነበብሁ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ እፎይ እል ነበር፤ ያ እፎይታ ግን አእምሮዬን ደግሞ ደጋግሞ እንዲያጣራ ያስለምደው ኖሯል። የተሰጠው ልምምድ ስልኬን ለማንሣት ስፈልግ ለአሥር ደቂቃ መታገሥ፣ በዚያም ጊዜ ጥያቄዬን በወረቀት ጽፎ ያለ መልስ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት እጅግ ከባድ ነበሩ።

የዚህ ትምህርት ልብ አራተኛው ክፍል ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 29 ላይ የተሰወረው ነገር የእግዚአብሔር፣ የተገለጠው ደግሞ የእኛ እንደሆነ በተነገረው ላይ ተመሥርቶ፣ አለማወቅ የእምነት ጉድለት ሳይሆን የፍጡርነት ድርሻ መሆኑን ያስረዳል። በነቢዩ ኤርምያስ ምዕራፍ 10 ከሰማይ ምልክት አትፍሩ የተባለውን ሲያነሣም፣ ነቢዩ ሰማይ ባዶ ነው አለማለቱን ልብ እንድንል ያደርጋል። የቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም ኃላፊ የነበሩት ኢየሱሳዊው ካህን ሆሴ ጋብርኤል ፉኔስ እ.ኤ.አ. በ2008 ከምድር ውጭ ሕይወት ሊኖር እንደሚችል ማሰብ በፈጣሪ ከማመን ጋር አይጋጭም ማለታቸውን የሰማሁትም እዚሁ ነው። ከክፍሉ ጋር የተሰጠው የማታ ጸሎት መልስ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መልሱ እስኪመጣ፣ ባይመጣም እንኳ፣ ብቻዬን እንዳልሆን ነው። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ክርስቲያናዊ መሆኑ ተደራሽነቱን ያጠብበዋል። ፈጣሪውን በየዕለቱ ስግደቱ «የዓለማት ጌታ» ብሎ የሚጠራ ሙስሊም ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ሰፊ መሠረት አለውና፣ አዘጋጆቹ ስለ እርሱ አለማሰባቸው ያሳዝናል።

አምስተኛው ክፍል የአራተኛው ድግግሞሽ ስለሆነ የምለው የለኝም። ስድስተኛው ግን የትምህርቱ ትልቁ ስሕተት ነው። በእንግድነት የቀረበው መምህር የሚታዩት ብርሃናት ሁሉ አጋንንት ናቸው ብሎ ይደመድምና አድማጩ ባያቸው ቁጥር እንዲገሥጻቸው ያዝዛል። የርኩሳን መናፍስትን መኖር ለመከራከር አይደለም የምጽፈው። ነገር ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ያለ መልስ መቀመጥን ስለማመድ ቆይቼ ድንገት ቁርጥ ያለና አስፈሪ መልስ ሲሰጠኝ፣ በሰማይ ያለ ብርሃን ሁሉ፣ አውሮፕላኑም ሳይቀር፣ ጠላት ሆኖ ታየኝ፤ በዚያች ሌሊት መብራቱን እንደገና አብርቼ አደርሁ። «ምንም የለም» የሚለውም ሆነ «አጋንንት ናቸው» የሚለው አንድ ዓይነት ጥድፊያ ነው፤ ሁለቱም የማይታወቀውን ሳይታወቅ መተው አይችሉም።

ካወከኝ ከዚህ ክፍል ያወጣኝ ከትምህርቱ ጋር የተሰጠኝ የግማሽ ሰዓት የስልክ ምክር ነው። ንጋት ላይ ነቅቼ ሰውነቴን ማንቀሳቀስ እንደሚያቅተኝና በመኝታ ቤቴ ውስጥ አንድ አካል የቆመ እንደሚመስለኝ እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገርሁም ነበር። አማካሪዋ እስክጨርስ ጠብቀው «ልጄ፣ ይህ እኮ ዱካክ ነው» አሉኝ። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ደረጃ ጡንቻዎች እንደሚዝሉ፣ አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ ሰው እንደታሰረ ሆኖ እንደሚሰማውና በአጠገቡ ሌላ አካል ያለ ሊመስለው እንደሚችል በእርጋታ አስረዱኝ። ጸሎቴን እንዳላቋርጥ፣ ሐኪምም እንዳማክር መከሩኝ። አንዱን በሌላው አልለወጡብኝም፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ እጅግ ያመሰገንሁትም ይህን ነው።

ስለ ድምፁ ጥራት ቅሬታ የለኝም፤ ከንግግሩ በስተጀርባ የሚሰማው የጠፈር ጉዞ የሚያስመስል ሙዚቃ ግን ሰማይን ለሚፈራ ሰው የተመረጠ መሆኑ አስገርሞኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች አጫጭር ናቸው፤ ሰባተኛው ላይ ተከታትለው ስለሚያልፉ የሳተላይት መብራቶች የተሰጠው ማብራሪያ ጠቃሚ ነው። ዩፎዎች ምን እንደሆኑ ለማወቅ የሚመዘገብ ሰው ያዝናል። ጥያቄው እንቅልፉን የነሣው ሰው ግን ከአንደኛው እስከ አራተኛው ያለውን በተራ ያድምጥ፣ የስልክ ምክሩንም እስከ መጨረሻ ሳያቆይ በጊዜ ቀጠሮ ይያዝ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ዘልሎት ወደ ሰባተኛው ይለፍ።