ዩኒ-ቲ ዩቲ 210ኢ፦ ፊውዝ እየደጋገመ ለሚያቃጥል የነዳጅ ፓምፕ መስመር

ይህ ትንሽ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጥ በመንጋጋው ከቦ ኤሌክትሪኩን የሚለካ መሣሪያ) የዲሲ፣ ማለትም የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ አምፔር እስከ 100 ይለካል። ለሞተሪኖ (ሞተሩን ለሚያስነሳው) አይበቃም፤ ለነዳጅ ፓምፕ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ፊውዙ ወዲያው የሚቃጠል ከሆነ የፓምፑን ሶኬት ንቀሉና በፊውዙ ቦታ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል አገናኙ፤ የሪሌውን (ለፓምፑ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) ነቅላችሁ በሶኬቱ ላይ 30 እና 87 ቁጥር ያላቸውን ቀዳዳዎች በሽቦ ድልድይ አገናኙ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሽቦው ማሳ (የመኪናውን ብረት አካል) ነክቷል፤ መስመሩ ላይም 4.5 አምፔር ያህል ይሄዳል። የፓምፑን ሽቦ ብቻ በመንጋጋው አስነክሳችሁ ወደ ታንኩ ተከተሉት። ንባቡ ዜሮ ሲሆን የተላጠውን ቦታ አልፋችኋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ፍቆት መዳቡ ብቅ ብሎ ይገኛል።

ቆይቶ የሚቃጠል ከሆነ ፊውዙን መልሱ፣ ፓምፑን ሰክታችሁ ለኩ። በብዙ የቤት መኪኖች ከ4 እስከ 8 አምፔር ጤነኛ ነው፤ ወደ 12 ከወጣ ፓምፑ አርጅቷል ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። እባካችሁ የ15 አምፔሩን ፊውዝ በ30 አትተኩ፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፣ እሱም ቤንዚን አጠገብ።

የሜትሩ ጉድለት ዜሮው መንሸራተቱ ነው፤ ሽቦ ሳይነክስም ቁጥር ያሳያል። መንጋጋው አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር፣ ሽቦውን ከማስነከሳችሁ በፊት የዜሮ ቁልፉን ተጫኑ። ፓምፑ ሲነሳ ለቅጽበት የሚስበውንም አያሳይም፤ ለዚያ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክን ፈጣን ለውጥ በመስመር ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ) ያስፈልጋል።