በደሴ የሚሰጥ የሲ ፕሮግራሚንግ ሥልጠና፦ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ትምህርቱ ሲመዘን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጠው የሲ ፕሮግራሚንግ ሥልጠና የቋንቋውን መሠረት ለያዙ ሰዎች የታሰበ ሲሆን፣ አብረውኝ ከተማሩት መካከል ከኮምቦልቻ የሚመላለሱም ነበሩ። ክፍሉ ጠባብ፣ ኮምፒውተሮቹም ያረጁ ናቸው፤ ሊኑክስ ስለተጫነባቸው ግን ለትምህርቱ በቂ ናቸው። ሥልጠናውን የምመዝነው ሌላ ቦታ በሁለት መስመር በሚታለፈው፣ እዚህ ግን ሰፊ ጊዜ በተሰጠው በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራም ከሚነሣበት አካባቢ የሚረከበው ስምና ዋጋ ያለው መረጃ) ትምህርት ነው።

አሠልጣኙ የጀመሩት አንድ ፕሮግራም ሲነሣ «ስም=ዋጋ» ተብለው የተጻፉ ስትሪንጎችን እንደሚረከብ፣ እነዚህም ኤንቫይረን በተባለ የፖይንተር አሬይ (የሜሞሪ አድራሻዎች ዝርዝር) ተይዘው መጨረሻቸው በናል (የትም በማያመለክት ባዶ ፖይንተር) እንደሚዘጋ በማሳየት ነው። የቫሪያብልን ዋጋ የሚያነበው ፈንክሽን ጌትኤንቭ በራሱ በሲ ስታንዳርድ ውስጥ ሲገኝ፣ የሚጽፉት ሴትኤንቭና ፑትኤንቭ እንዲሁም የሚሰርዘው አንሴትኤንቭ ግን የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ) ናቸው። ጌትኤንቭ የተጠየቀውን ስም ካጣ ናል ስለሚመልስ፣ መልሱን ሳያረጋግጡ መጠቀም ፕሮግራሙን ሊጥለው እንደሚችል አበክረው አስገንዝበውናል።

ለሥልጠናው የከፈልኩትን ገንዘብ ያላስቆጨኝ ስለ ፑትኤንቭ የተማርንበት ክፍለ ጊዜ ነው። ሴትኤንቭ ስሙንም ዋጋውንም ወደ ራሱ ቦታ ይገለብጣል፤ ሦስተኛው አርጉመንት ዜሮ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን ዋጋ አይነካም። ፑትኤንቭ ግን ሳይገለብጥ የሰጡትን ፖይንተር ራሱን ይዞ ይቀመጣል። አሠልጣኙ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ በታወጀ የቻር አሬይ ላይ «ከተማ=ደሴ» ብለው ጽፈው ለፑትኤንቭ ሰጡ፤ ከፈንክሽኑ ከተመለሱና ሌላ ፈንክሽን ከጠሩ በኋላ «ከተማ» የሚለውን በጌትኤንቭ ሲፈልጉት ስታኩ (የፈንክሽኖች ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት ስለነበር ናል ተመለሰ። ያንኑ በሴትኤንቭ ሲደግሙት «ደሴ» የሚለው ሳይነካ ወጣ። የአንድ ሜሞሪ ባለቤት ማን እንደሆነ ከዚህ በተሻለ ሲብራራ አላየሁም።

የሰዓት ቀጠናው መልመጃም የሚመሰገን ነው። የሰዓት ቀጠናውን የሚይዘውን ቲዜድ የተባለ ቫሪያብል ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይረን፣ ለውጡን የሚያነበውን ቲዜድሴት የተባለ ፈንክሽን ስንጠራ ፕሮግራማችን ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት የቀደመውን አሳየ፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ግን የተርሚናሉ ሰዓት እንደነበረው ነው። ብዙዎቻችን ግራ በተጋባንበት በዚህ ቦታ አሠልጣኙ ልጅ ፕሮሰስ (እዚህ ከተርሚናሉ የተነሣው ፕሮግራማችን) የሚይዘው ቅጂ በመሆኑ ወላጁን ሊለውጥ እንደማይችል በሰሌዳ ላይ ሥለው አስረዱን።

ጉድለቱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ላይ ነው። አንዱ ትሬድ በሴትኤንቭ እየጻፈ ሌላው በጌትኤንቭ ቢያነብ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ለውጡን ትሬዶች ከመፈጠራቸው በፊት መጨረስ ይሻላል። ይህ በትምህርቱ ጨርሶ አልተነሣም። ሰልጣኙ ነገ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሊጽፍ ስለሚችል፣ ይህን መተው ቀላል ግድፈት ነው ብዬ አላልፈውም። ማስታወሻውም በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ በአማርኛ እንዲያ ጥርት ብሎ ለተነገረ ትምህርት አይመጥነውም።

ፖይንተር ገና ያልገባው ሰው ለዚህ ሥልጠና አይቸኩል። ፖይንተርን አውቆ ሜሞሪ ላይ ለሚቸገር ግን ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ ሲመዘገብ የትሬዱን ነገር አሠልጣኙን ቢጠይቃቸው መልካም ነው።