ከቴሌግራም ግሩፕ እስከ ሼርፖይንት፦ ለጅማ ድርጅት የትኛው ያዋጣል?

ጅማ ውስጥ አብዛኛው ድርጅት የሥራ ፖርታል አለው፤ ቴሌግራም ይባላል። ሥራ አስኪያጁ ትዕዛዝ የሚሰጠው እዚያ ነው። በአጋሮ በኩል ያለው ማጠቢያ ጣቢያ የዕለቱን የእሸት ቡና ግዢ የሚልከው እዚያ ነው። የባንክ ስሊፕ፣ የሊብሬ ፎቶ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም አንድ ግሩፕ ውስጥ ተደባልቆ ይኖራል። ደግሞም ይሠራል። ጉዱ የሚወጣው «ያን አምና የተፈራረምነውን ውል እስቲ ላኩልኝ» የተባለ ቀን ነው።

ሻጮች «ቴሌግራምን ተዉና የእኛን ግዙ» ይሏችኋል። እኔ አልልም። በደካማ ኔትወርክ እንደ እሱ የሚሄድ ብዙ የለም። ሾፌሩም ዘበኛውም ያውቁታል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነፃ ይቀበላል። ወሬው እዚያው ይቆይ። ገንዘብ ማውጣት የሚያስፈልገው ለሰነዱና ለአካውንቱ ነው፤ ሰው ሲለቅ ድርጅቱ እጅ ላይ ለሚቀረው ነገር። የድርጅት ሰነድና አካውንት የሚይዙትን አራት አገልግሎቶች፣ ጎግል ወርክስፔስን፣ ማይክሮሶፍት 365ን፣ ቢትሪክስ24ን እና ኔክስትክላውድን የማወዳድረውም በዚሁ ነው።

ሠራተኛ ሲለቅ

የተለመደውን ልንገራችሁ። ድርጅቱ አንድ ነፃ ጂሜል አለው። ፓስወርዱን አምስት ሰው ያውቀዋል፤ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል። አካውንቱን የከፈተችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፣ በራሷ ስልክ ቁጥር። እሷ ለቃ አዲስ አበባ ገባች። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ጎግል ማረጋገጫ ኮድ ላከ። ኮዱ የሄደው እሷ ስልክ ላይ ነው። ቁጥሩን ቀይራው ከሆነ የውጭ ገዢዎች ደብዳቤ በሙሉ ከነአባሪው ተቆለፈበት ማለት ነው።

የቴሌግራም ግሩፕም ያው ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው በአንድ ሲም ነው።

አራቱም ይህን ቀዳዳ ይደፍናሉ። አካውንቱ የድርጅቱ ይሆናል፤ ሰው ሲለቅ አድሚኑ (አካውንቶቹን የሚያስተዳድረው ሰው) ይዘጋዋል፣ ፋይሎቹን ለተተኪው ያዞራል። ይህን ብቻ ብታገኙ እንኳ ወጪያችሁን መልሳችኋል።

ለቡና ላኪ ደግሞ ነገሩ ጠንከር ይላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የተለቀመበት ማሳ በጂፒኤስ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የእኛ አካባቢ ገበሬ አብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ተራዝሟል፤ ያም ሆኖ መዘጋጀት ግድ ነው። አስመጪው ሰነዱን ለአምስት ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ጥያቄ ሲነሳበት የሚደውለው ለእናንተ ነው። የጎማ፣ የሊሙና የጌራ አርሶ አደር ዝርዝር በአንድ የመስክ ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ካለ ያኔ ምን ትሉታላችሁ?

(ነጥቡን ከማሳ ለመልቀም ከአራቱ አንዱንም አልመክርም። ኮቦ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። የጎግል ፎርም ግን ኔትወርክ ከሌለ የለም።)

ጎግል ወርክስፔስ

ለመልመድ ቀላሉ ይኼ ነው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ግማሹን አስቀድሞ ያውቀዋል። ጂሜሉ በድርጅቱ ስም ይሆናል፣ ሰነዱን ሦስት ሰው አንድ ላይ ይጽፍበታል፣ ስብሰባው ሚት በሚባለው የቪዲዮ ጥሪ ይካሄዳል። ዝቅተኛው ጥቅል ለአንድ ሰው 30 ጊጋባይት ይሰጣል። ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2025 በሰው በወር ከ7 እስከ 8.40 ዶላር ነበር፤ እንደ አከፋፈላችሁ ይለያያል።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመረጣችሁት ጥቅል «ሼርድ ድራይቭ» አለው ወይ? እዚያ የገባ ፋይል የድርጅቱ ንብረት ነው። «ማይ ድራይቭ» ውስጥ ያለው ግን በሠራተኛው ስም ነው፤ ሲለቅ ማዛወር የአድሚኑ ሥራ ይሆናል። ቢረሳስ?

ድክመቱ ኔትወርክ ሲጠፋ ይታያል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ በኮምፒውተሩ ብራውዘር ላይ ማብራት፣ በስልኩ ፋይሉን ለይቶ ማውረድ። ይህን የሚያስታውስ ሠራተኛ ደግሞ ብርቅ ነው።

ማይክሮሶፍት 365

ፖርታል በሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉም ከሄድን ጠንካራው ይኼ ነው። ሼርፖይንት ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። የድርጅቱን የውስጥ ገጽ፣ የመመሪያ ማኅደሩን፣ የቅጽ ማጽደቂያውን ይሠራል። ቲምስ ጥሪውንና ውይይቱን ይይዛል። ቢዝነስ ቤዚክ የሚባለው ጥቅል ለእያንዳንዱ ሰው 1 ቴራባይት ይሰጣል፤ ዋጋውም ከጎግሉ ጋር ይቀራረባል።

ለእኛ ከተማ ትልቁ ጥቅሙ ግን ዋንድራይቭ የሚባለው ፋይል ማስቀመጫው ነው። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲቀመጥ ካዘዛችሁት ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ትሠራላችሁ፣ ሲመጣ ራሱ ይጭናል። ሒሳብ ክፍሉም ከኤክሴል አይላቀቅም፤ የጎግልን ሺት አሳዩት፣ ፊቱን ነው የሚያጠቁረው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ቢዝነስ ቤዚክ በኮምፒውተር የሚጫን ወርድና ኤክሴል የለውም፤ በብራውዘርና በስልክ ብቻ ነው። የሚጫነው ከተፈለገ ወደ እጥፍ ወደሚጠጋው ጥቅል መውጣት አለባችሁ። (ቢሯችሁ ያለው ኦፊስ በፍላሽ የተጫነ ከሆነ አልሰማሁም።) ሁለተኛ፣ ሼርፖይንት የሚያዋቅረው ሰው ይፈልጋል። ፈቃዱ በትክክል ካልተሰጠ ወይ ሁሉም የደመወዝ ፋይሉን ያያል፣ ወይ ማንም ምንም አያይም። ቲምስም 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያቃስታል።

ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ደግሞ ልብ በሉ። የፒችትሪን ዳታ ፎልደር ዋንድራይቭ ወይም ጎግል ድራይቭ ውስጥ አታስገቡ። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ፋይሉ ሲመሳሰል ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ማታ ባክአፑን አውጥታችሁ እሱን ብቻ ጫኑ።

መያዶች ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ማይክሮሶፍት ብቁ ሆነው ለተገኙ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ቢዝነስ ቤዚክን በነፃ የሚሰጥበት አሠራር አለው።

ቢትሪክስ24

ይኼኛው ሁሉን በአንድ ጀበና ነው። ደንበኛ መከታተያ፣ የሥራ ድልድል፣ የዕረፍት ፈቃድ ማጽደቂያ፣ ቻት፣ ፋይል፣ ሁሉም አለ። ነፃው ጥቅል የሰው ቁጥር አይገድብም፤ ቦታው ግን 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። የሚከፈልበት ደግሞ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለድርጅቱ ነው። 50 ሰው የሚይዘው ጥቅል የዓመት ሲከፈል በወር መቶ ዶላር አካባቢ ነው። ማይክሮሶፍት በሰው 6 ዶላር ቢሆን እንኳ 40 ሠራተኛ በወር 240 ዶላር ይመጣል፤ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት።

ችግሩ መጨናነቁ ነው። የመጀመሪያ ቀን የከፈተ ሰው የት እንደሚጫን ግራ ይገባዋል። መርካቶ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ለሚያከፋፍል፣ ሽያጭ ሠራተኞቹ ማን ጋ እንደደወሉ ማወቅ ለሚፈልግ ነጋዴ ጥሩ ነው። ሰነድ ማስቀመጥ ብቻ ለሚፈልግ ግን ትርፍ ድካም ነው።

ኔክስትክላውድ

እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ላይሰንስ አትከፍሉም። የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ ፋይል፣ ካላንደር፣ ቻት፣ የቪዲዮ ጥሪ አለው። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም በቢሮው ዋይፋይ ሥራው ይቀጥላል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት የቆየበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሥራ አስኪያጅ ይህን በቀላሉ አያየውም።

ክሊኒክ ወይም ላቦራቶሪ ያላችሁ ቅድሚያ ሰጥታችሁ እዩት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል፤ መረጃ ከአገር የሚወጣበትንም ሁኔታ ይገድባል። የታካሚ ውጤት በቴሌግራም መላክም ከዚህ አያመልጥም፤ የቴሌግራም ሰርቨር ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም።

ነፃ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሁለት ዲስክ፣ ዩፒኤስ፣ ከቢሮው ውጭ የሚቀመጥ ባክአፕ ያስፈልጋል። ከውጭ ለመግባት ቋሚ አይፒ (የማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) ወይም ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተቆለፈ መስመር) ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ሰው ይጠይቃል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ጎበዝ ልጅ ይጭንላችኋል፤ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ማን ያዘምነዋል? ለዚህ መልስ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ስለ ስላክ ባጭሩ

ስላክ የሥራ ባልደረቦች መልእክት መላላኪያ ነው፤ ሶፍትዌር ሠሪ ካልሆናችሁ እለፉት። ነፃው የሚያሳየው የ90 ቀን መልእክት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ «ትልቅ ኩባንያ ነው፣ አይጠፋም» የሚባለውን አትመኑ። ሜታ ወርክፕሌስ የተባለውን የድርጅቶች ፖርታል እ.ኤ.አ. በ2016 ከፍቶ በ2024 እንደሚዘጋው አስታወቀ፤ ደንበኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው መሄድ ነበረባቸው። የትኛውንም ስትገዙ «ፋይሌን በሙሉ እንዴት አወጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ክፍያው

ላይሰንስ የሚከፈልባቸው ሁሉ ዋጋቸው በዶላር ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ከሆነ ወዲህ በጀቱን በብር ቆርጦ መያዝ አያዛልቅም። የተለመደው የብር ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ላኪ በባንኩ ካርድ ይከፍላል። ሌላው በብር ከሚሸጥ ወኪል መግዛት ነው፤ ደረሰኝም ይገኛል። ግን ዋናው አድሚን በእናንተ ስም ይሁን። ዶሜኑም (የድርጅቱ የኢንተርኔት ስም) እንዲሁ። የአድሚኑን ቁልፍ ወኪሉ ይዞት ከቀረ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጂሜል በምን ተለየ?

ለሁሉም ሠራተኛም አትግዙ። 30 ሰው ያለው ላኪ ቢሮ ላይሰንስ የሚያስፈልገው ውል፣ ሒሳብና ጥራት ለሚይዙት ስምንት ወይም አሥር ሰዎች ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቤት እኔ ማይክሮሶፍትን እመርጣለሁ፣ በኤክሴሉና በዋንድራይቩ ምክንያት። ከአሥር ሰው በታች ለሆነ፣ ሥራው በስልክ ለሚያልቅ ድርጅት ጎግል ይበቃል።

ስብሰባ ስትጠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። ካላንደሩ ላይ 3:00 ብላችሁ ከሞላችሁ ሠራተኛው ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣል፤ ካላንደሩ ግን ወይ ለሌሊቱ 9 ሰዓት ወይ ለከሰዓቱ 9 ሰዓት ይዞታል። በውስጥ ደንብ አንዱን አቆጣጠር ወስኑ። የፋይል ስም አጻጻፍም ወስኑ፤ «ሐምሌ» እና «ሀምሌ» ብለው ሁለት ሰዎች ካስቀመጡ አንዱን ፈልጋችሁ ሌላውን ላታገኙት ትችላላችሁ።

ጎግል ለ14 ቀን፣ ማይክሮሶፍት ለአንድ ወር በነፃ ያስሞክራሉ። ሙከራውን ቡና በሚገባበት በኅዳር አድርጉት፣ ሥራ ሲበዛ። ፋይል የምትልኩበት ስልክም የሥራ አስኪያጁ አይሁን፤ የጣቢያው መዝጋቢ በያዘው ስልክ ከጣቢያው ይላክ። ከዚያ አንዱን የሙከራ አካውንት ሆን ብላችሁ ዝጉና ፋይሎቹ የት እንደገቡ ፈልጉ።