ሊፍት ያስደረኳት 75 ከስምንት ወር ንዝረት የዳነችበት ጋራዥ (ተክለሃይማኖት አካባቢ)

ስምንት ወር ሙሉ በሰዓት ከ75 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አልቻልኩም ነበር፣ አሁን ችያለሁ፣ ስለዚ ለእነዚ ሰዎች ልጽፍላቸው ይገባል። ግን ቅሬታም አለኝ፣ እሱንም እጽፋለሁ።

መኪናዋ የድሮዋ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፣ 75፣ ዋን ኤች ዜድ ሞተር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ)። አምና አፋር እሄዳለሁ ብዬ ሊፍት አስደረኳት፣ ከመሬት ከፍ እንድትል ማለት ነው። የሰራልኝን ጋራዥ ስም አልጠራም፣ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ በቃ ማንሳት ብቻ ነው የሚያውቀው። ጠንከር ያለ ባሌስትራ ገጠመ፣ ከኋላ ደሞ ባሌስትራው የሚንጠለጠልበትን ሻክል አስረዘመ፣ 33 ኢንች ጎማ አስገባና "ወንድሜ አሁን መኪና ሆነች" ብሎ ሰጠኝ። እውነትም ስትቆም ታምራለች። ችግሩ ስትሄድ ነው።

70 ላይ ይጀምራል፣ 85 ስትደርስ የመሃሉ መስታወት እየተርገበገበ ከኋላዬ ያለው አይሱዙ ይሁን ሲኖትራክ መለየት አልችልም። መሪው ላይ ብዙም አይሰማም፣ ከወለሉና ከወንበሩ ነው የሚመጣው፣ እግር ስር ዝዝዝዝ የሚል። ባለቤቴ አንዴ ናዝሬት ደርሰን ስንመለስ "ሁለተኛ በዚች መኪና እምሄድ እንዳይመስልህ፣ ጥርሴ ነው የረገፈው" አለችኝ፣ ቃሏንም ጠበቀች።

ከዛ የገንዘብ ማፍሰሱ ተጀመረ። ጎማ ባላንስ ሶስት ጊዜ። ክሮቸራ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፣ የሻፍቱ፣ ጫፍ ላይ ያለው መታጠፊያ) ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ሁለተኛው ጊዜ "የመጀመሪያው ቻይና ነበር" ተብዬ ነው። ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ተቀየረ። መጨረሻ ላይ ሻፍቱን አውጥተው ቶርኖ ቤት ባላንስ አስደረጉት፣ ሲገጠም ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ደምሬው 70 ሺህ ገደማ ሆነ። አንዱም ግን ከመኪናው ስር ገብቶ ምንም ነገር ለክቶ አያውቅም! ሁሉም የሚያውቀውን ዕቃ ነው የሚቀይረው።

ይሄን ጋራዥ የነገረኝ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚሸጥልኝ ልጅ ነው። ድሮ ካዛንቺስ ነበሩ፣ በኮሪደሩ ተነስተው ነው እዚ የመጡት። ቦርድ የለውም፣ ከተክለሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ነው፣ ግቢው ሶስት መኪና ከያዘ ሞላ ማለት ነው። ባለቤቱ ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ ብዬ ቀረሁ።

ያደረኩትን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው፣ ባላንሱን ክሮቸራውን። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"መቼ ጀመራት?"

"ሊፍት ከተደረገች በኋላ።"

"ታዲያ ጎማው ምን አደረገህ የኔ ልጅ?"

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀለበት መንገድ ወጣን፣ ትራፊክ ሳይሞላ። እሳቸው ጎኔ ተቀምጠው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አድርገዋል። 80 ላይ "ፎሌ አድርጋት" አሉኝ፣ ማርሽ አውጣ ማለት ነው፣ አደረኩ፣ ሞተሩ ዝም አለ ንዝረቱ ግን ቀጠለ። ሞተር አይደለም ማለት ነው። ነዳጅ ስረግጥ ይብሳል፣ ስለቅ ይቀንሳል፣ ይሄን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋራዥ ተመልሰን የኋላውን ሻፍት ፈትተው አወጡት፣ የፊት ሀብ (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውን) ቆልፈን ፎር ዊል አስገብተን በፊት ጎማ ብቻ እየጎተተች ያንኑ መንገድ ደገምነው። 80 ላይ ፀጥ። እኔ ሳቄ መጣ እውነቴን ነው፣ ስምንት ወር ሳልፈልገው የከረምኩት ነገር ስምንት ቡሎን ፈትቶ ሃያ ደቂቃ መንዳት ነበር። (ይሄን የምትሞክሩ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ሙሉ ፎር ዊል መንዳት አይመከርም፣ እኛ የኋላው ሻፍት ስላልነበረ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው። ሻፍቱ ከካምቢዮው በኩል ወጥቶ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ሲወርድ ሁለቱም ጫፍ ላይ ክሮቸራ አለው። ጋሼ አንድ አሮጌ ክሮቸራ ሞርሳ ላይ አሰሩና በደንብ አጥፈው "አዙር" አሉኝ። እኔ በእጄ እኩል እያዞርኩ በሌላው በኩል ያለው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይላል። በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል ሁለቴ ይዘገያል። ብዙ ስታጥፈው በዓይን ይታያል፣ ትንሽ ሲታጠፍ በዓይን አይታይም ግን አለ። ሁለተኛው ክሮቸራ የተቀመጠው ይሄንኑ በተቃራኒው እንዲያጣፋው ነው፣ የሚያጣፋው ግን ሁለቱ የታጠፉበት ዲግሪ እኩል ከሆነ ብቻ ነው። ሊፍት ሲደረግ አካሉ ከፍ ይላል፣ አክስሉ ባለበት ይቀራል፣ ሻፍቱ ይበልጥ ተዳፋት ይሆናል። ሻክል ሲረዝም ደሞ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ሻፍቱ የሚገጠምበት ጫፍ) ወደ ላይ ቀና ይላል፣ ይሄኔ ሁለቱ እኩል መሆናቸው ይቀራል። እና ለዚ ሁሉ ጣጣ ሻክሉን 4 ሴንቲ ብታስረዝመው መኪናዋ የምትነሳው 2 ሴንቲ ብቻ ነው፣ ይሄን ማን ነገረኝ?

እኔ ቤት ገብቼ ሂሳቡን ሰራሁት፣ ዲፈረንሻሌ 4.1 ነው (ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ 4.1 ጊዜ ይዞራል)፣ በ33 ጎማ 85 ላይ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ 37 ጊዜ ይዞራል፣ በአንድ ዙር ሁለቴ ከመታ በሰከንድ 74 ምት። ከወንበሩ ስር ዝዝዝ የሚለው ለካ እሱ ነው። ጎማ ቢሆን ኖሮ በሰከንድ 9 ነው፣ መሪው ላይ ነበር የሚሰማኝ፣ እኔ ግን ሶስት ጊዜ ባላንስ ከፈልኩ።

አለካኩን ነው በጣም የወደድኩት። ሌሎቹ መኪና ሲያዩ መጀመሪያ ክሪክ ነው የሚፈልጉት። ጋሼ ሻፍቱ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን ሲሚንቶው ላይ በአራት ጎማዋ አቁመው፣ ታንከሩን እንኳ ሙሉ መሆኑን ጠይቀው፣ ካርቶን አንጥፈው ስር ገቡ። "ተሰቅላ የተለካች መኪና ውሸት ነው የምትነግርህ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ" ይላሉ። ክብሪት ሳጥን የምታክል ማግኔት ያላት ዲጂታል መለኪያ አለቻቸው፣ ከስር እየጮሁ ይናገራሉ፣ ልጁ በጠመኔ ጎማው ላይ ይጽፋል። ከካምቢዮው የሚወጣው ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፣ ሻፍቱ 10፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ 8 ቀና ብሏል። ስለዚ የፊተኛው ክሮቸራ የታጠፈው 7 ነው፣ የኋለኛው 2። ሰባትና ሁለት ምኑ ይጣፋል?

ሌላ ነገርም አገኙ። ሻፍቱ መሃል ላይ የሚሳበውና የሚገባው ቦታ ላይ ሁለት የፍላጻ ምልክት አለ፣ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። የኔ አንድ ጥርስ ስቶ ነው የተገጠመው። ባላንስ ሲደረግ የፈቱት ሰዎች ናቸው፣ ለዛ ነው ከዛ በኋላ የባሰው። እሱን ወዲያው አስተካከሉት፣ እውነት ለመናገር በዛው ብቻ ግማሹ ጠፋ፣ ለእሱም ብር አልጠየቁም።

ለአንግሉ ያሉት እንዲህ ነው፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ብረት ይገባል፣ አፍንጫው 6 ዲግሪ ይወርዳል፣ ከ8 ወደ 2። እኔ ደሞ እኩል ለማድረግ አፍንጫው ወደ 3 ቢወርድ አይበቃም ወይ ብዬ ተከራከርኩ (ዩቲዩብ አይቼ ነበር)፣ ነዳጅ ስትረግጥ አክስሉ ባሌስትራው ላይ ተጠማዞ አፍንጫው ራሱ ቀና ይላል፣ ለሱ አንድ ዲግሪ መተው አለብን አሉኝ። ዝም አልኩ። ሶማሌ ተራ የአሉሚኒየም ሽብልቅ አግኝቼ ነበር፣ ርካሽ ነው፣ አይተው መለሱልኝ፣ እየተደቆሰ ይለቃል ነው የሚሉት። ጎረቤት ያለ ፍሬዛ (ብረት መቁረጫ ማሽን) ያለው ሰው ከብረት ቆረጠልን። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችም አሮጌውን መልሰው አልገጠሙም፣ አንዴ የተሳበ ነው ብለው አዲስ አስገዙኝ፣ የባሌስትራውን መሃል ቡሎንም ረዘም ባለ ቀየሩት፣ ሽብልቁ ስለሚጨምር።

እና ቅሬታዬ። ማክሰኞ ተባልኩ፣ አርብ ነው የወጣችው። ሶስት ቀን ሙሉ ስደውል "ፍሬዛው ጋር ናት" ነው፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ማንም ስልክ አላነሳም። ደረሰኝ የለም፣ የድርጅት መኪና ያላችሁ እርሱት። መኪና የምታቆሙበት ቦታ የለም፣ ውጪ ካቆማችሁ ትቀጣላችሁ። መቀመጫ አንድ በርጩማ ናት፣ እሷም ላይ ሁሌ ሰው አለ። የሾፌሩ ወንበር ላይ ግሪስ አገኘሁ፣ ልጁ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ግሪሱ ግን አሁንም አለ።

ዋጋው፣ ለእጅ 12 ሺህ፣ ሽብልቁ 7 ሺህ፣ ዩ ቦልት 6,400፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ላይ ያለው ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ያንጠባጥብ ስለነበር እሱም 1,800። 27,200 በቴሌብር። ከዛ በፊት ካፈሰስኩት ጋር ሳወዳድረው አፌን ይመረኛል።

ውጤቱ? ቅዳሜ ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ገብቼ ናዝሬት ሄድኩ። 80፣ 90፣ 100፣ መስታወቱ ቆሟል፣ ከኋላዬ ያለው ዶልፊን መሆኑን ብቻ ሳይሆን ሾፌሩ ሲያዛጋ ሁሉ አየሁት። 105 ላይ ቀጭን ድምፅ አለች፣ አልዋሽም። ጋሼ ይሄን አስቀድመው ነግረውኛል፣ ሲጨርሱ እንደገና ለክተው ነበር፣ አፍንጫው ሲወርድ ሻፍቱም ትንሽ ተዳፋት ስለጨመረ የፊተኛው 8 የኋለኛው 9 ሆነ፣ ተቀራርበዋል ግን ሁለቱም ትልቅ ናቸው። "ሙሉ በሙሉ እንድትጠፋ ከፈለክ የድሮውን ሻክል መልስና ዝቅ አድርጋት፣ እኔ ሽብልቁን አሳንሼ እሰራልሃለሁ" አሉኝ። ዝቅ ካለች 33ቱ ጎማ አይመቻትም፣ እኔ ደሞ ጎማውን እወደዋለሁ፣ እምቢ አልኩ። ከኋላ ዕቃ ስጭን ደሞ ባሌስትራው ዝቅ ስለሚል ድምጿ ራሷ ትጠፋለች፣ ባለፈው አስር ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስመጣ መኖሯንም ረሳሁት።

ከ10 8 እሰጣቸዋለሁ፣ ሁለቱ የቀነሰው ለስልኩና ለግሪሱ ነው። በሊፍት የመጣ ንዝረት ያለው ሰው ክሮቸራ ከመቀየሩ በፊት እዚ ሄዶ ያስለካ፣ ተራ ሰርቪስ ከሆነ ግን ለዘይት መቀየር አትሂዱ፣ ይንቃሉ።

500 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ተመልሰህ ዩ ቦልቱን አስጠብቅ ብለውኝ ትናንት ሄድኩ፣ ከስምንቱ ዳዶ አንዱ ግማሽ ዙር ያህል ዞረ። ብር አልተቀበሉም፣ ማኪያቶ አስመጣሁ። "ፊቷስ ጋሼ፣ የፊቱ አንግል አይታይም?" አልኳቸው። "ሀቡን ካልቆለፍክ ሻፍቱ አይዞርም፣ ምን አደረገህ? ቆልፈህ ግን ከ60 እንዳታልፍ" ብለው ማኪያቷን ሳይጨርሱ ሌላ መኪና ስር ገቡ።