እንግዳ መሸኘትን በእንግሊዝኛ፦ ሐረር ስለሚሰጥ አንድ የማታ ኮርስ

ሐረር ውስጥ ለአስጎብኚዎች፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባዮችና ለአስተናጋጆች ከሚሰጡት የማታ የእንግሊዝኛ ኮርሶች መካከል ይህኛውን ለይቼ ለመገምገም ያነሣሣኝ፣ ሌሎቹ በግማሽ ገጽ የሚያልፉትን የስንብት ንግግር ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ መያዙ ነው። በግንብ የታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ እንደ መሆኑ፣ በከተማችን እንግዳ ተቀብሎ መሸኘት የብዙ ሰው እንጀራ ነው። እንግዳውን ሲያስተናግድ የዋለ ሰው አሸኛኘቱን ካላወቀበት ደግሞ የቀኑ ልፋት ሁሉ ይደበዝዝበታል።

የኮርሱ ዋና ጥንካሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድንገት ተነሥተው «ባይ» ብለው እንደማይለያዩ በሚገባ ማሳየቱ ነው። ኢማኑኤል ሼግሎፍና ሃርቪ ሳክስ የተባሉ አሜሪካውያን የሶሲዮሎጂ ምሁራን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች አስቀድመው «ዌል»፣ «ኦኬ» ወይም «ሶ» በሚሉ አጫጭር ቃላት ሌላ የሚነሣ ጉዳይ እንደሌላቸው ይገላለጣሉ፤ ስንብቱ የሚከተለው ያኛው ወገንም በተመሳሳይ ቃል ሲመልስ ነው። መምህሯ ይህን ከእኛው «በሉ እንግዲህ» ጋር አያይዛ ስለምታስረዳው ለተማሪው ወዲያው ይገባዋል፤ እኛም «በሉ እንግዲህ፣ በሉ ደህና ዋሉ» ሳንል ከሰው ቤት አንወጣምና። በተለይ «አይ ሹድ ሌት ዩ ጎ» (በቃ ልልቀቅህ እንደ ማለት) የሚለውን አባባል የምታብራራበት መንገድ ግሩም ነው። ቃል በቃል ሲታይ አድማጩን ከሥራው ላለማስተጓጎል የተባለ ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ራሱ ንግግሩን መጨረስ መፈለጉን በጨዋ ደንብ የሚያሳውቅበት ነው፤ ይህን ያልተረዳ አስጎብኚ «ግድ የለም፣ አልቸኩልም» ብሎ እንግዳውን ሊያቆመው ይችላል።

ሌላው የወደድኩት ልምምዱ ነው። ሁለት ተማሪዎች ጅብ ሲመገብ አይተው እንደተመለሱ ጎብኚና አስጎብኚ ሆነው ይጫወታሉ። ጎብኚው «ሲ ዩ ሌተር» (በኋላ እንገናኝ) ሲል አስጎብኚው ቀበል አድርጎ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ጠየቀ። መምህሯም ልምምዱን አስቁማ፣ ይህ አባባል ብቻውን ቀጠሮ እንዳልሆነ፣ ዳግም ላይገናኙ የሚችሉ ሰዎችም እንደሚሉት፣ እውነተኛ ቀጠሮ ከሆነ ግን ሰዓቱ ወይም ቦታው አብሮ እንደሚጠቀስ አስረዳች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ዘጠኝ ሰዓት ቢለኝስ?» ብሎ መጠየቁ ትምህርቱን ይበልጥ አዳበረው፤ የውጭ ሰው ጠዋት ዘጠኝ የሚለው በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ስለሆነ፣ አስጎብኚ ከመለያየቱ በፊት በየትኛው ሰዓት እንደተግባቡ ማረጋገጥ አለበት። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ የመጣ መማሪያ መጽሐፍ አይነግረንም።

«ጉድ ኢቭኒንግ» ለመገናኛ፣ «ጉድ ናይት» ግን በተለምዶ ለመለያያ መሆኑም በአጭሩ ተነግሯል፤ «እንዴት አመሻችሁ»ን እና «ደህና እደሩ»ን ለሚለይ ሰው ይህ አይከብድም። «ጉድባይ» ከጥንቱ «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ»፣ ማለትም እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን ከሚለው ምርቃት አጥሮ የመጣ ቃል መሆኑን ስትገልጽ ክፍሉ በደስታ ተንጫጫ፤ መንገደኛን «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብሎ ለሚሸኝ ሰው ቃሉ ከዚያ በኋላ ባዕድ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ ዛሬ በወዳጆች መካከል «ባይ»፣ «ሲ ዩ» ወይም «ቴክ ኬር» እንደሚዘወተርና ሙሉው «ጉድባይ» አንዳንዴ ከበድ ብሎ እንደሚሰማ ማሳሰቧ ተገቢ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። የሚሰሙት ቅጂዎች የአሜሪካውያን ንግግር ብቻ ናቸው። ከብሪታንያ የመጣ እንግዳ «ቺርስ» ብሎ ሲለይ፣ ቃሉ ለጽዋ ማንሻ ብቻ ሳይሆን ለምስጋናና ለስንብትም እንደሚውል ያልተነገረው አስተናጋጅ ግራ ይጋባል። የመካከለኛውና የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ሲሰናበቱ «ታራ» የሚሉትም ጨርሶ አልተነሣም። ድምፅ ማጉያው ሻካራ ስለሆነ ከኋላ የሚቀመጥ ተማሪ የቃሉን ዜማ አይለይም፤ «ዌል» የስንብት መንደርደሪያ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በአባባሉ ዜማ ጭምር ነው።

ከሁሉም የሳሳው የደብዳቤና የኢሜይል መዝጊያ ነው። በእንግሊዞቹ የተለመደ ሥርዓት ተቀባዩ በስሙ ከተጠራ «ዩርስ ሲንሲርሊ»፣ ስሙ ሳይጠቀስ «ዲር ሰር» ከተባለ ደግሞ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ተብሎ ይዘጋል፤ የሚታደለው ጽሑፍ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። የክፍል ቦታ ማስያዣ ኢሜይል ለሚመልስ የሆቴል ሠራተኛ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ በሚቀጥለው ዙር እንዲታረምም ለአስተባባሪው ነግሬያለሁ።

አሁን ባለበት ሁኔታ ኮርሱን ከፍዬ ብማርበት የማልቆጭበት ነው፤ ሥራቸው ከውጭ እንግዳ ጋር በቃል መነጋገር ለሆነ ሁሉ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሆኖም ልምምዱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚካሄድ ገና ጀማሪ የሆነ ሰው መጀመሪያ መሠረታዊውን ክፍል ጨርሶ ቢመዘገብ ይሻለዋል።