ጉልበት ለከዳችሁ፦ የወንድሜን ሐኪም ልጠቁማችሁ

ታናሽ ወንድሜ ወደ ሜዳ ተመልሷል፣ ስለዚህ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ነውር ነው። የማመሰግናቸው ሰው አዲስ አበባ የሚሠሩ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልወደዱ እዚህ አልጠራቸውም። የቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እነግረዋለሁ።

ነገሩ ኳስ የሚጫወት ሁሉ የሚያውቀው ነው። ማንም ሳይነካው፣ እግሩን ተክሎ ሊዞር ሲል ጉልበቱ ውስጥ ቋ አለ፤ ወዲያው አበጠ። እንደ ወጉ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄደ፣ ታሸ፣ እብጠቱም ጎደለ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነው። ደረጃ ሲወርድ ወይም ድንገት ሲዞር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ራጅ አነሳውና "አጥንትህ ሰላም ነው፣ እረፍት አድርግ" ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘው። ራጅ ጅማት እንደማያሳይ ማንም አልነገረንም። ወጌሻ መናቄ አይደለም፣ ለወለምታ እኔም እሄዳለሁ። ወንድሜ የተጎዳው ጅማት ግን ጉልበት መገጣጠሚያው መሃል የተደበቀ ነው፣ የማንም ጣት አይደርስበትም።

እኚህ ዶክተር ኤምአርአዩን (ጅማትንም የሚያሳየውን ምስል) ከማየታቸው በፊት ልጁን አስተኝተው፣ ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ጭኑን ይዘው በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ሳቡት። ደህናውንም እግር እንዲሁ። ልዩነቱ ለእኔም ታየኝ። የታመመው ይንሸራተታል፣ የሚያቆመው የለም። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ተጫዋቾች ኤሲኤል የሚሉት፣ ተበጥሷል። ኤምአርአዩም ያንኑ አለ።

ከዚያ የፕላስቲክ ጉልበት ከመሳቢያ አወጡ። እኔ በበኩሌ ለዚህች ሰዓት ነው የማመሰግናቸው፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ሐኪም ቁጭ ብሎ ሲያስረዳ ብዙም አላየሁም።

ጅማቱ ርዝመቱ በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጭን አጥንት የውጪኛው ጉብታ ውስጠኛ ግድግዳ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ይነሳል፤ ሰያፍ ወርዶ ቅልጥም አናት ላይ ከፊት በኩል ይተከላል። ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ጥቅል ነው። አንዱ ጥቅል ጉልበት ሲታጠፍ ይወጠርና ቅልጥም ወደ ፊት እንዳያመልጥ ይይዛል። ሌላው እግር ሲዘረጋ ይወጠራል፣ በተለይ መጠምዘዝን ይገታል። የግድግዳ ሰያፍ ድጋፍ እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ ያው እንጨት ቀጥ ብሎ ቢቆም ግድግዳውን ከመዝመም አያድነውም።

ቀዶ ጥገናው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው አሉን። የተበጠሰው ጅማት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይገጥምም፣ ምክንያቱም የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቁስሉ ላይ የሚረጋውን ደም ያጥበዋል። ስለዚህ ከራሱ ከሰውየው ሌላ ጅማት ተወስዶ አጥንቶቹ ተበስተው በዚያ ያልፋል። ጭን አጥንቱ ላይ ቀዳዳው ከፍ ብሎ ከተበሳ አዲሱ ጅማት ቀጥ ብሎ ይቆምና ወደ ፊት መንሸራተቱን ያስቀራል፣ መጠምዘዙን ግን አያስቀርም፤ ሰውየው ያን ሁሉ ብር ከፍሎ፣ ያን ሁሉ ታሞ፣ ሲዞር አሁንም ይከዳዋል። ቅልጥሙ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ወደ ፊት ከመጣ እግር ሲዘረጋ ጅማቱ ከላይኛው አጥንት ጋር ይጋጫል። እግሩ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። የሚሊሜትር ሥራ ነው። ለዚህ ነው የድሮው ጅማት የተተከለበትን አሻራ ፈልገው እዚያው ላይ የሚሠሩት።

አንድ ጥያቄያቸው ደግሞ አስገረመኝ። "ትሰግዳለህ?" አሉት። ወንድሜ በሕማማት ቤተ ክርስቲያን የሚውል ልጅ ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ከነአጥንቱ ሲወሰድ ጠንካራ ነው፣ አጥንት ከአጥንት ጋር ስለሚገጥምም ቶሎ ይይዛል፤ ግን ሲንበረከኩ የሚያም ነገር ሊያስቀር ይችላል። ለእሱ ከጭን ኋላ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ወስደው፣ አጣጥፈው ሠሩለት። ሙስሊም ወዳጆቼም ይህን ጥያቄ ሐኪማችሁ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ አንሱት።

ደስ ያለኝ ሌላው ነገር ለቢላ አለመቸኮላቸው ነው። እብጠቱ ጠፍቶ እግሩ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ አስጠበቁት፣ አለዚያ ጉልበቱ ደርቆ ሊቀር ይችላል። እንዲያውም "ኳስ ባትጫወት ኖሮ በፊዚዮቴራፒ ብቻ እንሞክር ነበር" አሉት። ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሰው እንዲህ ሲል እኔ አምነዋለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷም ትመስገን፣ ቁጡ ናት። አዲሱ ጅማት መጀመሪያ ደም ስር የለውም፤ ቀስ በቀስ ደም ስር እየገባበት ይለወጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ይደክማል። ችግሩ ያኔ ጉልበቱ አያምም። ልጁ "ድኛለሁ" እያለ ሲነዘንዛት ከቀዶ ጥገናው በኋላ 9 ወር ሳይሞላው ኳስ እንዳያስባት ነገረችው። በአንድ እግር እያቆመች ሚዛን ታስጠብቀው ነበር፣ ምክንያቱም የጠፋው ጅማት ጉልበት የት እንዳለ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮችም ነበሩት። የጭን ጡንቻው ከደህናው እግር ጋር እስኪቀራረብ አልለቀቀችውም።

እንከን የለም አልልም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ስልክ ቶሎ አይነሳም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ግን አዲሱን ጅማት አጥንቱ ላይ የሚይዘውን የብሎኑንም የፊዚዮቴራፒውንም ቀድመው በወረቀት ዘርዝረው ሰጡን፣ በኋላ የተጨመረ ነገር የለም።

የምትሄዱ ከሆነ የኤምአርአዩን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዙ፤ ምስሉን ራሳቸው ካላዩ አይወስኑም። ቁምጣም ልበሱ፣ ወንድሜ በጠባብ ጂንስ ሄዶ ጉድ ሆኗል።